ጉሮሮው ከዳነ በኋላ የተሰጠው መርፌ፦ የዋረን ጦር ሰፈር የጉዳይ ጥናት

«ድኛለሁ እኮ፤ ይህን ሁሉ እንክብል ለምን እውጣለሁ?»

ይህ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ትኩሳቱ ወርዷል፤ ምራቅ መዋጥ ፊት አያስኮማትርም፤ የምግብ ፍላጎትም ተመልሷል። ብልቃጡ ውስጥ ግን የሰባት ቀን መድኃኒት ተቀምጧል። ጠያቂው ሰነፍ አይደለም፤ ጥያቄውም የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ሞኝነት የሚመስለኝስ እኛ ባለሙያዎቹ ብዙ ጊዜ የምንሰጠው መልስ ነው፦ «ካቋረጥከው ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምደዋል።» ለሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ለስትሬፕቶኮከስ የጉሮሮ ሕመም ግን አይሆንም። ይህ ባክቴሪያ ሰማንያ ዓመት ያህል ፔኒሲሊን ሲወርድበት ኖሯል፤ እስካሁን ፔኒሲሊን የማይበግረው ሆኖ ሕመምተኛ ላይ አልተገኘም።

ትክክለኛው መልስ ሌላ ነው። የተገኘውም አሜሪካ ውስጥ፣ በዋዮሚንግ ግዛት ከሻያን ከተማ አጠገብ ባለ የአየር ኃይል ሰፈር፣ ከ1940ዎቹ ማብቂያ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ በተደረጉ ተከታታይ ሙከራዎች ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ በየማዘዣው ላይ «ለ10 ቀን» ብለን የምንጽፈው ሥሩ እዚያ ነው። ጉዳዩን የማነሳው ግን ውጤቱን ለማድነቅ ብቻ አይደለም። ዕውቀቱ በማን ልብ እንደተገዛ አብሮ ካልተነገረ ታሪኩ ጎደሎ ነው።

ሰፈሩና ችግሩ

ፎርት ፍራንሲስ ዋረን በ1867 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን ለመጠበቅ የተቆረቆረ አሮጌ ሰፈር ነው፤ ያኔ ስሙ ሌላ ነበር። በ1947 አየር ኃይሉ ተረከበውና የሙያ ማሠልጠኛ አደረገው። ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ፣ ነፋስ የማያጣው ሜዳ ላይ ነው። ከየግዛቱ የተሰበሰቡ ወጣቶች በጋራ መኝታ ቤት አልጋ ለአልጋ ተጠጋግተው ያድራሉ፤ አብረው ይበላሉ፤ አብረው ይማራሉ። አንዱ ያመጣውን ሌላው ለመውሰድ ጊዜ አይፈጅበትም። በዚያ ላይ በየጊዜው አዲስ ምልምል ይጨመራል፤ ስለዚህ ባክቴሪያው ያልነካው አዲስ ጉሮሮ አያጣም።

ሠራዊቱ ይህን በሽታ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በደንብ አውቆታል። የጉሮሮ ሕመሙ ራሱ ብዙ አያስጨንቅም ነበር፤ ሰው ሳምንት ይተኛል፣ ይነሳል። የሚያስጨንቀው ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚመጣው ነው። ጉሮሮውን ረስቶት ወደ ሥራው የተመለሰ የ19 ዓመት ልጅ አንድ ቀን ጉልበቱ አብጦ፣ ቀልቶና ነዶ ይነቃል። ከሁለት ቀን በኋላ ጉልበቱ ይሻለውና ሕመሙ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ይዞራል፤ ከዚያ ወደ ክንዱ። ትኩሳቱ ይመለሳል። ሐኪሙ ደረቱ ላይ ሲያዳምጥ ከዚህ በፊት ያልነበረ የሹክሹክታ ድምፅ ይሰማል፦ የልብ ቫልቩ በደንብ አልገጥም ብሎ ደም ወደ ኋላ እየሾለከ ነው። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ነው። መገጣጠሚያው ሙሉ በሙሉ ይድናል፤ ቫልቩ ግን ጠባሳ ይዞ ሊቀር ይችላል፤ ልጁም ለውትድርና ብቻ ሳይሆን ደረጃ ለመውጣትም አቅም ሊያጣ ይችላል።

በዚህና በጉሮሮ ሕመሙ መካከል ዝምድና እንዳለ አዲስ ግኝት አልነበረም። ሐኪሙ አልቪን ኮበርን በ1930ዎቹ መግቢያ ላይ አንዱ ሌላውን እንደሚከተል በዝርዝር አሳይቶ ነበር። የባክቴሪያ ተመራማሪዋ ርብቃ ላንስፊልድ ደግሞ በ1933 ስትሬፕቶኮከሶችን በምድብ ከፋፍላ፣ ሰውን የሚያሠቃየው በዋናነት ምድብ «ኤ» መሆኑን ግልጽ አደረገች። የቀረው ጥያቄ አንድ ነበር፦ የጉሮሮውን ኢንፌክሽን በጊዜው ብናክም፣ ከሳምንታት በኋላ ልብን የሚያጠቃውን ነገር እናስቀራለን? ወይስ አንዴ ከተጀመረ አይቆምም?

በጦርነቱ ጊዜ ባሕር ኃይሉ አንድ ነገር ሞክሯል። ለጤነኛ ሰልጣኞች በየቀኑ ሰልፋዳያዚን የተባለውን፣ ከሰልፋ ወገን የሆነ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ትንሽ ትንሽ እያዋጠ ባክቴሪያው ከመነሻው እንዳይገባባቸው ማድረግ። ለጊዜው ያስደስት ነበር። ቆይቶ ግን ሰልፋን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ተነሡና ነገሩ ፈረሰ። (መድኃኒት መልመድ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ እውነት ነው፤ ግን ለሰልፋ እንጂ ለፔኒሲሊን አይደለም።)

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የጦር ኃይሎች የኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ስርጭት ጥናት) ቦርድ ዋረን ላይ የስትሬፕቶኮከስ በሽታ ላቦራቶሪ አቋቋመ። ዳይሬክተሩ ከክሊቭላንዱ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ዶክተር ቻርልስ ራመልካምፕ ነበር። ከሥሩ ከነበሩት መካከል ፍሎይድ ዴኒና ሉዊስ ዋናሜከር ይገኛሉ፤ ሁለቱም ያኔ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ።

ሙከራው

ጉሮሮውን ያመመው ሰልጣኝ ወደ ሰፈሩ ሆስፒታል ይመጣል። ሐኪሙ ምላሱን በእንጨት ተጭኖ ባትሪውን ያበራል። የሚፈልገው መቅላትን ብቻ አይደለም፤ ቶንሲሉ ወይም የጉሮሮው ግድግዳ ላይ የተጋገረ ነጣ ያለ መግል ነው። ከዚያ የጥጥ እንጨቱን ቶንሲሉ ላይ አሽቶ ያወጣና ደም በተቀላቀለበት የማብቀያ ሳህን ላይ ያንከባልለዋል። ሳህኑ በሰውነት ሙቀት ልክ ያድራል። በነጋታው ቀዩ ሳህን ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ነጣ ያለች ነጥብ ትታያለች፤ ዙሪያዋን ቀይነቱ ጠፍቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለበት ተሠርቷል። ባክቴሪያው በዙሪያው ያሉትን ቀይ የደም ሕዋሳት አፍርሷቸዋል ማለት ነው። ይህን ቀለበት አንድ ጊዜ ያየ ሰው ባክቴሪያው ልብ ድረስ ጣጣ ያመጣል ሲሉት አይገርመውም።

ማን ፔኒሲሊን እንደሚያገኝ፣ ማን እንደማያገኝ የወሰነው ሐኪሙ አልነበረም፤ የሰልጣኙ የውትድርና መለያ ቁጥር ነበር። በዛሬ ሚዛን ይህ ፍጹም ዕጣ አይደለም፤ መለያ ቁጥሩን አስቀድሞ የሚያይ ሰው ምደባውን ያውቀዋል። ቢሆንም «ይሄኛው የባሰበት ስለሚመስል መድኃኒቱን እንስጠው» የሚለውን የሐኪም ርኅራኄ ከመንገድ አውጥቶታል። ርኅራኄ ለሕመምተኛ መልካም ነው፤ ለንጽጽር ግን መርዝ ነው፤ የባሰባቸው ሁሉ በአንድ ወገን ይከማቻሉና።

የዚያ ዘመን ፔኒሲሊን ትልቁ ችግሩ ሰውነት ውስጥ አለመቆየቱ ነበር። ኩላሊት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጠርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ ዋረን ላይ የተጠቀሙት በዘይት የተበጠበጠ፣ ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ ወደ ደም የሚለቀቅ ፕሮኬይን ፔኒሲሊን ነበር። እንዲህ ከሆነ በየሦስት ሰዓቱ መውጋት ሳያስፈልግ በቀናት ልዩነት ጥቂት መርፌ ይበቃል። የማነፃፀሪያ ቡድኑ ፔኒሲሊን አልተሰጠውም። ከዚያ ሁሉም በቀጣዮቹ ሳምንታት ክትትል ተደረገላቸው፦ መገጣጠሚያ፣ ልብ፣ በደም ውስጥ ያለው የፀረ ስትሬፕቶኮከስ አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሚሠራው ፕሮቲን)።

ቁጥሮቹ

የመጀመሪያው ዘገባ በ1950 የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ወጣ። ፔኒሲሊን ካገኙት 798 ሰዎች የሩማቲክ ትኩሳት የያዛቸው 2 ናቸው። ካላገኙት 804 መካከል 17። በቀጣዩ ዓመት ዋናሜከርና ባልደረቦቹ ሰፋ አድርገው ባወጡት ዘገባ ከታከሙት 978 ሰዎች 2፣ ካልታከሙት 996 ደግሞ 28።

እነዚህን ቁጥሮች ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ሁለት ነገር ይናገራሉና። አንደኛው የሚያስደስተው ነው፦ በሽታው ከአስር እጅ ዘጠኙ ቀርቷል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፦ ሳይታከሙ የቀሩትም ቢሆኑ ከመቶው 97ቱ የሩማቲክ ትኩሳት አልያዛቸውም። ያውም ወረርሽኝ በበረታበት ሰፈር፣ ጉሮሯቸው መግል በያዘ ሰዎች ላይ። ለዚህ ነው አንድ ሰው «እኔ ሳልታከም ሁልጊዜ ይተወኛል» ሲል ውሸታም የማይሆነው። እድሉ ከእሱ ጋር ነው። ጥያቄው ያ አንድ ጊዜ ሲመጣ ምን ይዞ ይመጣል የሚለው ነው።

ጉሮሮውስ? እዚህ ላይ ፔኒሲሊን ያን ያህል ተአምር አልሠራም። ትኩሳቱን ቶሎ አወረደ፤ ሕመሙንም አሳጠረ፤ ግን ያልታከሙትም ብዙ ሳይዘገዩ ድነዋል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ብዙ ሙከራዎች ተደምረው ሲታዩ አንቲባዮቲክ የጉሮሮ ሕመምን በአማካይ የሚያሳጥረው በ16 ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። ሕመም ለማስታገስ ብቻ ከሆነ ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን ያንኑ ያህል፣ ምናልባትም የተሻለ ይሠራሉ።

እንግዲህ ሦስተኛ ቀን ላይ «ድኛለሁ» የሚለው ሰው የሚለካው ፔኒሲሊኑ ብዙም ባልሠራበት ቦታ ነው። ሥራው ያለው እሱ በማይሰማው ቦታ ነው።

ሰልፋው ለምን ከሸፈ?

የዋረን ሰዎች እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ የምናውቀው ፔኒሲሊን እንደሚሠራ ብቻ ነበር፤ ለምን እንደሚሠራ አይደለም። ሁለት ተጨማሪ ሙከራዎች ለምኑን አወጡት።

አንደኛው የሰልፋዳያዚን ሙከራ ነው። ሰልፋ የጉሮሮውን ሕመም ያሳጥራል፣ መግል የሚቋጥሩ መዘዞችንም ይቀንሳል፤ ይህ የታወቀ ነበር። የሩማቲክ ትኩሳትንስ ይከላከላል? በ1956 በወጣው የዚሁ ላቦራቶሪ ዘገባ መሠረት ሰልፋዳያዚን ከወሰዱት 5.4 በመቶው፣ ካልወሰዱት ደግሞ 4.2 በመቶው የሩማቲክ ትኩሳት ያዛቸው። ማለት ምንም አልረዳም። ለጉሮሮው ጥሩ የሆነ መድኃኒት ለልብ ባዶ ሆነ።

ልዩነቱ ባክቴሪያው ላይ በሚያደርጉት ነገር ነው። ሰልፋ ባክቴሪያውን እንዳይራባ ያግደዋል እንጂ አይገድለውም። ሕመምተኛው ይሻለዋል፤ ባክቴሪያው ግን ጉሮሮ ውስጥ ተቀምጧል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ራሱን ያቀናል። ፔኒሲሊን ግን ባክቴሪያው ሲከፈል የሚሠራውን ግድግዳ አፍርሶ ይገድለዋል፤ በቂ ቀን ከቆየ ደግሞ ከጉሮሮ ጠርጎ ያጠፋዋል።

(ግራ የሚያጋባ ነገር ላንሳ። የሩማቲክ ትኩሳት ይዞት ያውቅ የነበረና እንዳይመለስበት ለዓመታት መከላከያ የሚወስድ ሰው፣ ፔኒሲሊን ካልተስማማው ሰልፋዳያዚን ሊሰጠው ይችላል። ታዲያ አይሠራም አላልንም? ነገሩ እንዲህ ነው፦ ገና ወደ ቤት ያልገባን ሌባ በር ላይ ማገድና ገብቶ የተደላደለን ማስወጣት የተለያየ ሥራ ነው። ሰልፋ የመጀመሪያውን ይችላል፤ ሁለተኛውን አይችልም።)

ዘጠነኛው ቀን

ሁለተኛውን ሙከራ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። በ1954 የዚሁ ላቦራቶሪ ሰዎች ካታንዛሮና ባልደረቦቹ ዘገቡት። ለአንድ ቡድን ሕመምተኞች ፔኒሲሊኑን ወዲያው ሳይሰጡ ሕመሙ ከጀመረ እስከ ዘጠነኛው ቀን አዘገዩት።

ዘጠነኛውን ቀን አስቡት። ሰልጣኙ ትኩሳት የለውም። ቶንሲሉ ጠርቷል። የአንገቱ ንፍፊት ጎድሏል። አፉን ሲከፍት ሐኪሙ የሚያየው የጤነኛ ሰው ጉሮሮ ነው። እንግዲህ ለዚህ ሰው ነው «እጅጌህን ሰብስብ» ተብሎ መርፌው የተወጋው። የሚያሽለው ሕመም በሌለበት፣ የሚያወርደው ትኩሳት በሌለበት።

እና ሠራ። በዘጠነኛው ቀን የተጀመረው ፔኒሲሊንም የሩማቲክ ትኩሳትን ተከላከለ።

ከዚህ የሚወጣው ነገር አንድ ነው። ልብን የሚያስጠቃው የሕመሙ ጽናት አይደለም፤ የትኩሳቱ ከፍታም አይደለም። ሕያው ባክቴሪያ ጉሮሮ ውስጥ ለሳምንታት መቆየቱ ነው። የሰውነት መከላከያ የባክቴሪያውን የላይ ልብስ፣ በተለይ ኤም የተባለውን ፕሮቲን፣ እያየ አንቲቦዲ ይሠራል። ያ ፕሮቲን ደግሞ ከልብ ሥጋና ከቫልቭ ፕሮቲኖች ጋር ይመሳሰላል። ባክቴሪያው ቶሎ ከተወገደ መከላከያው ብዙ ሳይለማመድ ትምህርቱ ይቋረጣል። ሰልፋ እንዳደረገው ተኝቶ ከቆየ ግን ትምህርቱ ይቀጥላል፤ መጨረሻም ላይ መከላከያው ጠላቱን ከራሱ አካል መለየት ያቅተዋል። ሁሉም ሰው ላይ ለምን እንደማይደርስ ሲጠየቅ የውርስ ድርሻ እንዳለበት ይታመናል፤ ጥያቄው ግን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም።

ስለዚህ ሦስተኛው ቀን ላይ ለሚመጣው ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ አንተ ድነሃል፤ ጉሮሮህ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ግን ገና አልሞተም። የቀሩት ሰባት ቀናት የእሱ ናቸው።

ዘጠነኛው ቀን ሌላ ትርፍም አለው። የጉሮሮ ናሙና ተወስዶ ውጤቱ ሁለት ቀን ቢፈጅ ጥፋት አይደለም፤ ጊዜ አለ። በየጉሮሮ ሕመሙ «ለማንኛውም ይሁን» እያሉ አንቲባዮቲክ ከመጻፍ ይልቅ ውጤቱን መጠበቅ ይቻላል። የጉሮሮ ሕመም አብዛኛው የቫይረስ ነው፤ ስትሬፕቶኮከስ በልጆች ላይ ከአስሩ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ያህል፣ በአዋቂዎች ላይ ከዚያም ያነሰውን ይይዛል። ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽና የድምፅ መጎርነን ካለ ወደ ቫይረሱ ያዘነብላል። ትኩሳት፣ መግል ያለበት ቶንሲልና ሲነካ የሚያምም የአንገት ፊት ንፍፊት፣ ያውም ያለ ሳል ከሆነ፣ ናሙና መውሰድ ተገቢ ነው።

በነገራችን ላይ እዚያው ሰፈር ሌላ ሥራም ተሠርቶ ነበር፤ የታመሙ ሰዎች የተጠቀሙበትን ብርድ ልብስና የመኝታ ክፍል አቧራ መመርመር። ባክቴሪያው በሽ ነው፤ ግን ሰው አላስያዘም። በሽታው የሚሄደው ከሰው ወደ ሰው በቅርብ ነው። ልጇ ቶንሲል ስለያዘው አንሶላ ስትቀቅል የምታድር እናት ካለች ትረፍ።

ከዋረን ወደ ማዘዣው

ዛሬ የሚታዘዘው ነገር ከዚያ ብዙ አልራቀም። ረጅም ጊዜ የሚቆየው ቤንዛታይን ፔኒሲሊን በ1950ዎቹ መግቢያ ሲመጣ የተደጋገመው መርፌ ወደ አንድ ወረደ፦ ክብደቱ 27 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት፣ ከዚያ በታች ለሆነ 600 ሺህ፣ ጡንቻ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ። ያማል፤ ይህን አልደብቅም። ግን አንዴ ከተወጋ ነገሩ አለቀ፤ «አራተኛው ቀን ላይ ረሳሁት» የለም። በአፍ ከሆነ ፔኒሲሊን ቪ ወይም አሞክሲሲሊን ለ10 ቀን ነው። ልጆች ጣዕሙን ስለሚወዱት አሞክሲሲሊን ይመረጣል፤ በኪሎ 50 ሚሊግራም፣ ከ1,000 ሳያልፍ፣ በቀን አንድ ጊዜም ይበቃል። ፔኒሲሊን ለማይስማማው ሌሎች አሉ፤ ነገር ግን እንደ አዚትሮማይሲን ያሉትን የሚቋቋሙ ስትሬፕቶኮከሶች ስላሉ የመጀመሪያ ምርጫ መሆን አይገባቸውም። መድኃኒቱ ከተጀመረ አንድ ሙሉ ቀን ካለፈ በኋላ ሕመምተኛው ለሌላው አያስተላልፍም ተብሎ ይወሰዳል።

አስር ቀን የግድ ነው? ስዊድን ውስጥ ተደርጎ በ2019 የታተመ ሙከራ በቀን አራት ጊዜ 800 ሚሊግራም ፔኒሲሊን ቪ ለ5 ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ 1,000 ሚሊግራም ለ10 ቀን ከሚወሰደው ጋር አወዳድሯል። በሕመም መዳን ሁለቱ ተቀራርበዋል፦ 89.6 እና 93.3 በመቶ። ባክቴሪያው ከጉሮሮ በመጥፋቱ ግን ልዩነት አለ፦ 80.4 እና 90.7። የዋረንን ጉዳይ ያወቀ ሰው ዓይኑ የሚሄደው ወደ ሁለተኛው መስመር ነው። የሩማቲክ ትኩሳት በጠፋበት አገር የመጀመሪያው መስመር ይበቃ ይሆናል። በሽታው አሁንም ልጆችን በሚይዝበት ቦታ ግን እኔ በአምስት ቀን አልወራረድም።

ይህን ስል የዋረንን ቁጥር በደፈናው የትም መውሰድ እንደማይቻልም መናገር አለብኝ። ያ ወረርሽኝ ነበር፤ ሁሉም መግል የያዙ ወጣት ወንዶች ነበሩ። ኋላ ቺካጎ ውስጥ በተራ ጊዜ ጉሮሯቸውን በታመሙ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ሳይታከሙ ለሩማቲክ ትኩሳት የተጋለጡት ከመቶ 0.4 ገደማ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ባክቴሪያው ከቦታ ቦታ፣ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ሌላም አለ፦ ከስትሬፕቶኮከስ በኋላ የሚመጣውን የኩላሊት ብግነት ፔኒሲሊን እንደሚከላከል በዚህ ዓይነት ማስረጃ አልተረጋገጠም። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ የሩማቲክ ትኩሳት ከያዛቸው መካከል ብዙዎቹ፣ ሲሶ ያህሉ፣ ከዚያ በፊት ጉሮሯቸውን ታምመው እንደነበር አለማስታወሳቸው ነው። ወደ ሐኪም ያልመጣን ጉሮሮ ማንም አያክመውም።

ሒሳቡ

በ1954 ላቦራቶሪውና ራመልካምፕ የላስከርን ሽልማት ተቀበሉ፤ በአሜሪካ የሕክምና ዓለም ከዚያ የሚበልጥ ክብር ብዙ የለም። ይገባቸዋል ወይ ብትሉኝ፣ ለመጀመሪያው ሙከራ አዎ እላለሁ። በ1949 ፔኒሲሊን ልብን እንደሚያድን ማንም አላወቀም ነበር፤ 804ቱ ሰዎች የተነፈጉት መድኃኒት መሥራቱ ገና ያልታወቀ መድኃኒት ነው። ያለ እነሱ ደግሞ ዛሬም ባላወቅን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሌላ ነው። በ1966 የሃርቫርዱ የማደንዘዣ ሐኪም ሄንሪ ቢቸር በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ሥነ ምግባር የጎደላቸው ናቸው ያላቸውን 22 ምርምሮች ዘርዝሮ አወጣ። የማንንም ስም አልጠራም። ምንጮቹ ኋላ ሲገለጡ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የዚሁ የዋረን ላቦራቶሪ ሥራዎች ሆነው ተገኙ።

የመጀመሪያው የቤንዛታይን ፔኒሲሊን ሙከራ ነው። ፔኒሲሊን እንደሚከላከል ከታወቀ በኋላ 109 ወታደሮች በመድኃኒቱ ፈንታ ባዶ ማስመሰያ ተሰጣቸው፤ ሁለቱን የሩማቲክ ትኩሳት፣ አንዱን የኩላሊት ብግነት ያዛቸው። መድኃኒቱን ካገኙት መካከል ማንንም አልያዘም።

ሁለተኛው ከላይ «ምንም አልረዳም» ብዬ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፍኩት የሰልፋዳያዚን ሙከራ ነው። 5.4 በመቶና 4.2 በመቶ ያልኩት። መቶኛ ሲሆን ለስላሳ ነው። ሰልፋ የተሰጣቸውና ምንም ያልተሰጣቸው ሲደመሩ ፔኒሲሊን የተነፈጉት ከ500 በላይ ወንዶች ነበሩ፤ 25ቱን የሩማቲክ ትኩሳት ያዛቸው። ሰልፋ ለምን እንደሚከሽፍ ያወቅንበት፣ «ዋናው ባክቴሪያውን ማጥፋት ነው» ብለን በእርግጠኝነት የምንናገርበት ማስረጃ ትልቁ ክፍል ይሄ ነው። ያንን ዕውቀት እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ።

ቢቸር እዚያ የነበረ አንድ የጦር ሐኪም በጽሑፍ የሰጠውን ቃል ጠቅሷል። ሰዎቹ አልተነገራቸውም፤ ፈቃዳቸውን አልሰጡም፤ ሙከራ ውስጥ መግባታቸውንም አላወቁም። ሐኪሙ ሰፈሩን ለቆ ሲሄድ የሩማቲክ ትኩሳት መያዛቸው የተረጋገጠ ከ70 በላይ ሰዎች በሆስፒታሉ ክፍሎች ተኝተው ነበር።